ጥላው ጥላ ሆኖ ይቅር፦ ከቤት ጋር የሚያያዝ ፐርጎላ ለሚያሠሩ የቀረበ ማሳሰቢያ

ዳስ መጣል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ሰው ቋሚውን ያቆማል፣ ሸራውን ይወጥራል፣ ቀኑ ሲያልፍ ነቅሎ ወደ መጋዘኑ ይመልሳል። ዳስ ቢበዛ ሳምንት ቆሞ ይነሣል፤ ስለዚህ ማንም አይጣላውም። ከቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራው ፐርጎላ ግን አይነሣም። አንዱ ወገኑ ግድግዳ ላይ ታስሮ፣ ሌላው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሲሰምጥ እሱም ይንጋደዳል፣ እሱ ሲያፈስ ቤቱም ይረጥባል፤ የጎረቤትም ጣጣ ሲመጣ ለሁለቱም ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የፐርጎላ ዕድገት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲሆን በያጅ ይጠራና ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ ሥሩ ወንበር ተደርድሮ ቡና ይጠጣበታል። ግንቦት ላይ ዝናብ ሲያስፈራራ ፋይበር ወይም ቆርቆሮ ይለብሳል። በዓመቱ ነፋስ ይገባል ተብሎ አንድ ጎኑ በብሎኬት ይዘጋል። በሦስተኛው ዓመት በር ይገጠምለትና ወይ ዕቃ ቤት፣ ወይ የሚከራይ ክፍል ይሆናል። ለጥላ ብቻ ተብሎ የቆመ ምሰሶ መጨረሻው ላይ ጣሪያና ግድግዳ ተሸክሞ ይገኛል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ማሳሰቢያ አብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚህችው ነገር ላይ ነው።

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ምን እንደሚያሠሩ ይወስኑ። ክፍት ፐርጎላና ጣሪያ ያለው ፐርጎላ በመልክ ቢመሳሰሉም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክፍቱ ከራሱ ክብደት ሌላ የሚሸከመው ጥቂት ነው፤ ዝናቡም ነፋሱም በመሐሉ ያልፋል። ከላይ የተሸፈነው ግን ውሃ ይይዛል፣ በረዶ ይይዛል፣ ከሥሩ ነፋስ ሲገባበት ደግሞ እንደ ጃንጥላ ወደ ላይ ይሳባል። አንድ ቀን ቆርቆሮ ማልበስ የሚፈልጉ ከሆነ ዛሬውኑ ለባለሙያው ይንገሩት፤ መሠረቱም ምሰሶውም ለዚያ ይሠራ። «ለጊዜው ክፍት ይሁን፣ በኋላ እናየዋለን» የሚለውን አነጋገር እኔ በግሌ ተከፍሎበት የሚመጣ ዕዳ ብዬ ነው የምጠራው።

የማውቀውም ከራሴ ነው። ለአንድ የልጅ ምርቃት ብዬ ክፍት በነበረው ፐርጎላ ላይ ሸራ ወጠርኩ። ወሩ ሐምሌ፣ ሸራው አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ነበር። ማታ የወረደው ዝናብ መሐሉን አረገበው፤ ከረገበ በኋላ ደግሞ ውሃው ወደዚያው ተጠራቀመ። ሒሳቡን የሠራሁት ከወደቀ በኋላ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆመ የአንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 10 ኪሎ ይመዝናል። ውሃው በአማካይ አምስት ሳንቲ ብቻ ቢቆም እንኳ 600 ኪሎ ነው። ግድግዳው ላይ የያዙት ቡሎኖች ከነፊሸራቸው ተነቅለው ወጡ፤ ብሎኬቱም ተቦረቦረ። ደግነቱ እንግዶቹ ገና አልመጡም ነበር።

ወረዳ ሳይጠይቁ አይጀምሩ። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ሕንጻ ብሎ የተረጎመው ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ግንባታ ነው። ስለዚህ «ጊዜያዊ ነው እኮ» ማለት መከራከሪያ አይሆንም። ያ አዋጅ ሕንጻዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ፎቅ የሌለውን መኖሪያ ቤት ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ጥያቄ በሚያስነሣው በምድብ ሀ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን ፈቃድ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ነባር ቤት ላይ መቀጠል፣ ማሻሻልም ሆነ ማፍረስ በሕንጻ ሹም የሚታይ ጉዳይ ነው። አሠራሩና ቅጹ በየጊዜው ስለሚቀየር ጎረቤት ከሦስት ዓመት በፊት ያደረገውን ይዘው አይሂዱ፤ በአሁኑ ጊዜ የሚጠየቀውን ከወረዳዎ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቁ። ሲሄዱ ካርታውን፣ የቤቱን ፕላን ካለ ፕላኑን፣ የሚሠራውን ነገር ቀላል ንድፍ ከነልኬቱ ይያዙ። በእጅ የተሠራ ንድፍም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል።

በተከራዩት ቤት ላይ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ስምምነት አይሥሩ። የቀበሌም ሆነ የግል ቤት ቢሆን ያው ነው። ሲለቁ ነቅለው መውሰድ እንደሚችሉ ወይም እንደማይችሉ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ኮንዶሚኒየም ግራውንድ የሚኖሩ ከሆነ ደጃፍዎ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የጋራ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤቱንና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቶ ያስቀምጣል። መስኮትዎ ፊት ያለው ሣር ለዓይን የእርስዎ ቢመስልም የብሎኩ ነው። ጥላ ካስፈለገ ለኮሚቴው ያቅርቡ፤ ምናልባትም ለሁሉም የሚሆን የጋራ ዳስ ይሠራ ይሆናል። ልጆች ለሚያጠኑበት፣ ሽማግሌዎች ለሚቀመጡበት፣ ለቅሶ ሲሆን ለሚያገለግል። ከላይ አንደኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሌባ እርስዎ የሠሩትን ቆርቆሮ እንደ መሰላል ተጠቅሞ መስኮቱ ድረስ እንዳይመጣበት መሥጋቱም ልክ ነው።

ጎረቤትዎን ሥራው ሳይጀመር ያነጋግሩ እንጂ ሲከስዎት አይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከመጉዳትና ከማወክ እንዲቆጠብ ያዛል፤ ጭስን፣ መጥፎ ሽታንና ጫጫታንም በስም ይጠራል። ፐርጎላ ከአጥር ጋር ሲጠጋ ሦስቱንም ያመጣል። በጋራ አጥር ላይ ምሰሶ አያስደግፉ፤ አጥር ራሱን እንዲችል እንጂ ጣሪያ እንዲሸከም አልተሠራም። የዝናብ ውሃዎ በእርሳቸው ግቢ እንዳይወርድ፣ የቡና ጭስዎ በእርሳቸው መኝታ ቤት መስኮት እንዳይገባ አስቀድመው ያስቡ። «እትዬ፣ እንዲህ ላሠራ ነው፤ የሚያስቸግርዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ» ብሎ በር ማንኳኳት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ቡናውም ተጠጥቶ ነው።

ብሎኬት ላይ አያስሩ። ይህን ደጋግሜ ብናገረው ደስ ይለኛል። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ቦታውን የሚሞላው አየር ሲሆን የውጭ ቆዳው ውፍረት ሦስት ሳንቲ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፊሸር ተመትቶ የሚገባ ቡሎን ለሥዕል፣ ለመስታወት፣ ቢበዛ ለመደርደሪያ ይሆናል። ፐርጎላ ግን ቁልቁል ብቻ አይደለም የሚጎትተው፤ ነፋስ ሲነሣ ወደ ውጭም ወደ ላይም ይጎትታል። የሚታሰርበት ቦታ በፌሮ የተሞላው ኮንክሪት ነው፦ ኮለኑና ከጣሪያው በታች ዙሪያውን የሚሄደው ቢም። ልስኑ ስለሸፈናቸው የት እንዳሉ ካላወቁ በመዶሻ ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ኮንክሪቱ ድፍን ነው። ቤትዎን የሠራው ግንበኛ በሕይወት ካለና ስልኩ ካለዎት መጠየቁ ደግሞ ከማንኳኳት ይበልጣል። ቢሙን ሲበሱ ፌሮ ቢያገኙ ቦታ ይቀይሩ እንጂ ፌሮውን አይቁረጡ።

ቤትዎ የጭቃ ከሆነ ግድግዳውን ጨርሶ ይተዉት። ጭቃ ቤት በእንጨቱ ነው የቆመው፤ እንጨቱም ከታች ምን እንደሆነ ከላይ ሆኖ አይታወቅም። ግድግዳውን ሳይነካ በራሱ አራት ምሰሶ የሚቆም ፐርጎላ ይሥሩ። እውነቱን ለመናገር እኔ ለብሎኬት ቤትም ቢሆን ይህንኑ ነው የምመክረው። ሁለት ምሰሶ መጨመር ወጪው ያን ያህል አይደለም። በፐርጎላውና በግድግዳው መካከል ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ክፍተት ይተዉ፤ ክፍተቱን ግድግዳው ላይ ብቻ የተያዘች ላሜራ ትሸፍነው። ቤቱ ሲንቀሳቀስ ፐርጎላው አይከተለውም፣ ፐርጎላው ሲወዛወዝ ቤቱን አይጎትተውም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተው ሰው በሌሊት ከፎቅ ሲወርድ ነበር። ከባድ ቤትና ቀላል ፐርጎላ በአንድ ንዝረት እኩል አይወዛወዙም፤ የተያያዙበት ቦታ መጀመሪያ ይላቀቃል።

መሬትዎን ይወቁ። አዲስ አበባ ላይ ከቦሌ እስከ አቃቂ ብዙ ሰፈር የቆመው በጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ በሚለው ላይ ነው። መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የቤቱ መሠረት ጠልቆ ስለተሠራ ብዙም አይሰማው ይሆናል፤ አርባ ሳንቲ ተቆፍሮ የተተከለ የፐርጎላ ምሰሶ ግን በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በክረምት የተዘጋ በር በጥር አልከፈት ሲል የምናየው ጉዳይ ነው፤ ፐርጎላ ላይ ሲሆን ግድግዳውን እየፈለቀቀ ይታያል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅና ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፈር፤ አንድ ሜትር ተኩልም ቢሆን። መሬቱ ቀይ ወይም ድንጋያማ ከሆነ 60 በ60 ሳንቲ ሆኖ 80 ሳንቲ የጠለቀ ጉድጓድ ለተራ ፐርጎላ ይበቃል። ያ ጉድጓድ በኮንክሪት ሲሞላ ከ650 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ነፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ ሲስብ ወደ ታች የሚይዘው ይህ ክብደት ነው።

ኮንክሪቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ይሁን፤ ውሃ አይብዛበት። ሠራተኛ ለማቡካት እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ የጨመረው ውሃ ግን ጥንካሬውን ይቀንሳል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣ። ሲሚንቶው የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀኑ ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ እርስዎ ሃያ ስምንት ቀን ባይጠብቁም በማግስቱ ግን ብረት አያሸክሙት።

ሴፕቲክ ታንኩ ላይ ምሰሶ አይትከሉ። የት እንዳለ የማያውቁ ከሆነ ቤቱን የሸጠልዎትን ሰው ይጠይቁ። ክዳኑም ከፐርጎላው ወለል ሥር እንዳይቀር፤ መጣጭ መኪና ሲመጣ ሴራሚክ ማፍረስ ይመጣል። የውሃ ቱቦና የመሬት ውስጥ መብራት ገመድም እንዲሁ።

እንጨት ከመረጡ ደረቅ እንጨት ይግዙ። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማችንን ከማገዶ እጦት ያወጣ ባለውለታ ነው፤ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግና በቀላሉ ስለሚገኝ ለፐርጎላም ይመረጣል። እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ከጫፉም ይሰነጠቃል። ልጡ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላ ውስጥ ወራት የቆየ ይፈልጉ። የፈረንጅ ጥድ ሞራሌ ለላይኛው ሥራ ይሻላል፤ ቀላልም ነው። ዝግባ፣ የሀገር ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶ ሲያቀርቡልዎት ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ እነዚህ ዛፎች በደን ሕጎቻችን ውስጥ ልዩ ጥበቃ ሲደረግላቸው የኖሩ ናቸው። ለጥላ ብሎ የሦስት ትውልድ ዛፍ ማስቆረጥ ጥላን በጥላ መለወጥ ነው፤ ትርፉም አይታየኝም።

የእንጨት ምሰሶ ኮንክሪት ውስጥ አይቀበር። ኮንክሪቱ ውሃውን እንደ ስኒ ይይዝለታል፤ ምሰሶውም ከአፉ ላይ ይበሰብሳል። ከኮንክሪቱ አምስት ሳንቲ ከፍ ብሎ እንጨቱን ከሁለት ወገን የሚይዝ ብረት ያስበይዱ። ምስጥ በሚበዛባቸው ቆላማ ቦታዎችና እንደ ወለጋ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ይህ ከመዋቢያነት አልፎ ግዴታ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ከጉድጓድ ውሃና ከጎመን መደብ አጠገብ ግን አይጠቀሙበት፤ ዘይቱ ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

ብረት ከመረጡ ውፍረቱን በዓይንዎ ሳይሆን በመለኪያ ይዩ። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ቱቦላሬ አንድ ነው። 1.2 ሚሊ ለአጥር ይበቃ ይሆናል፤ ለምሰሶ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ያስፈልጋል። የቱቦላሬው አናት በላሜራ ይደፈን፤ ክፍት ከቀረ ዝናብ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል፣ እርስዎም የሚያውቁት ሲበሳ ነው። አንቲ ረስት ሳይቀባ ቀለም አይቀባ፤ የተበየደበት ቦታ ደግሞ ከሁሉ በፊት። ብረቱ ከኮንክሪቱ የሚወጣበት አፍ ዝገት የሚጀምርበት ስለሆነ ኮንክሪቱ ከመሬት አሥር ሳንቲ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያው ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይጨረስ።

ውሃው የት እንደሚሄድ ሳያውቁ ጣሪያ አይክደኑ። የፐርጎላ ታሪክ የሚበላሸው ከግድግዳ ጋር በሚገናኝባት መስመር ላይ ነው። ከቤቱ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ካልተያዘ በቀጥታ ፐርጎላው ላይ ይወድቃል፤ የሁለት ጣሪያ ውሃ በአንድ ቀጭን ቆርቆሮ ላይ። ስለዚህ መጀመሪያ የቤቱን አሸንዳ ያስጠግኑ። ቀጥሎ የፐርጎላው ጣሪያ ከቤቱ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ አሥር ሳንቲ፣ ለቆርቆሮ ከዚያም በላይ። ሜዳ ሆኖ የተሠራ ጣሪያ ያምራል፤ በሐምሌ ግን ኩሬ ነው። ላሜራው ግድግዳው ላይ በልስኑ ውስጥ ተሰንጥቆ ይግባ እንጂ በላዩ ላይ በሲሊኮን ብቻ አይለጠፍ። ሲሊኮን ፀሐይ አድርቆት በሁለትና ሦስት ዓመት ይላቀቃል፤ ውሃውም በግድግዳው ውስጥ ተጉዞ ሳሎን ውስጥ ቡኒ ካርታ ይሥላል። ያንን ካርታ በቀለም ለመሸፈን የሚሞክር ሰው አጋጥሞኛል፤ በየክረምቱ ካርታው ሀገር ይጨምራል።

ከፐርጎላው የሚወርደው ውሃ ደግሞ በቱቦ ወደ ግቢው ቦይ ወይም ወደ በርሜል ይሂድ። መሠረቱ አጠገብ ተንጠባጥቦ መሬቱን እንዲያርስ አይተዉት፤ በመረሬ ላይ ይህ ራስን መግፋት ነው። ወደ መንገዱ ሲያወጡም በእግረኛው ራስ ላይ አይልቀቁት።

ፀሐይዋን አስልተው ይሥሩ። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ነው። በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በስተ ደቡብ ሆና 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትውላለች። የቀትሩን ፀሐይ ከላይ ያለው አግዳሚ ይከላከለዋል። የሚያስቸግረው የከሰዓቱ ነው፤ ከምዕራብ ዝቅ ብሎ ከጣሪያው ሥር ይገባል። ፐርጎላዎ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከላይ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ በምዕራብ ጎን ቁልቁል የሚወርድ የቀርከሃ መጋረጃ ወይም ሐረግ ያስፈልገዋል።

ሌላም አለ። ፐርጎላ የሚያስመኘን የውጭ ሀገር ፎቶ አብዛኛው የተነሣው ሞቃት ቦታ ነው። ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ጥላ በረከት ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ግን ቤት የሚሞቀው በፀሐይ ነው፤ ሳሎኑን የሚያሞቀውን የጠዋት ፀሐይ በጥቅጥቅ ቆርቆሮ ከከለከሉት ቀን በመብራት፣ ማታ በጋቢ መዋል ይመጣል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከአርባ አይነስ፤ መስኮቱን እንዳይጋርድም ከመስኮቱ ጫፍ በላይ ይያዝ።

ሐረግ ከጥላዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ግን ክብደት አለው። ቡጋንቪላ ያምራል፤ ሲያረጅ ግንዱ የሰው ክንድ ያህላል፣ እሾሁም ለልጅ ዓይን አይራራም። በበረንዳ ምሰሶ ላይ ከሆነ በየዓመቱ ይገረዝ። ፓሽን ፍሩት ቶሎ ይሸፍናል፣ ፍሬም ይሰጣል፤ ለትዕግሥት የለሽ ሰው የምመክረው እሱን ነው። ወይን በሞቃቱ አካባቢ ይሻላል። የትኛውንም ቢተክሉ ከቤቱ ቆርቆሮ ሥር እንዳይገባ፣ አሸንዳውንም በቅጠል እንዳይደፍን ይከታተሉ።

ሮቶ አያስቀምጡበት። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። ዲሽ፣ የሶላር ውሃ ማሞቂያ፣ የተረፈ ብሎኬትም እንዲሁ። ፐርጎላ መደርደሪያ አይደለም።

የመብራት ገመድ አይንኩ። ከምሰሶ ወደ ቆጣሪዎ የሚመጣው ገመድ ፐርጎላው በሚሠራበት ቦታ የሚያልፍ ከሆነ በያጁ «እኔ ከፍ አደርገዋለሁ» ቢልዎት አይፍቀዱ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የስልክ ቁጥር 905 ነው፤ ያመልክቱ። የብረት ፐርጎላ ላይ አምፖል ሲያስገቡም በቱቦ ውስጥ በሚያልፍ ገመድ፣ ከመሬት ጋር በተያያዘ መስመር ይሁን። የተላጠ ገመድ ብረቱን ከነካ ምሰሶው ሁሉ ይነዝራል፤ ምሰሶ ደግሞ ልጆች የሚይዙት ነገር ነው።

ከሰልን በሚመለከት ይጠንቀቁ። ክፍት ፐርጎላ ሥር ማንደጃ ማስቀመጥ ደስ ይላል፤ ቡናውም ዕጣኑም በንጹሕ አየር ነው። ጎኖቹ በሸራ ወይም በፕላስቲክ ሲዘጉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራስ ምታት ነው ብሎ ይጋደማል። በሐምሌ ብርድ ሦስት ጎን ዘግቶ ማንደጃ ማስገባት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከማስገባት አይለይም። የደረቀ ሐረግ፣ ቀርከሃና ናይሎን ከበላይ ባሉበት የክትፎ ምድጃም ቢሆን ከምሰሶውና ከጣሪያው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ሠራተኛውን እንደ ሠራተኛ ይያዙት። ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የብረቱ ውፍረት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የቀለሙ ብዛት፣ የሚያልቅበት ቀን። ቀብድ ይስጡ፣ ሙሉውን ግን በቅድሚያ አይክፈሉ፤ ሲጨርስም አያመላልሱት። በያጁ የዓይን መከላከያ ሳያደርግ እንዳይበይድ፣ ረዳቱ ልጅ ደግሞ ብልጭታውን እያየ እንዳይቆም ይከልክሉ። ማታ ዓይኑ አሸዋ የሞላበት መስሎት የሚያለቅሰው እሱ ነው። የመበየጃ ማሽን የሰፈሩን መብራት ስለሚያወዛውዝ ሰው ማታ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት አይሥሩ፤ በበዓልና በሰንበት ጠዋትም መዶሻ አይሰማ።

ከአጥርዎ ውጭ አንድም ምሰሶ አይውጣ። ይህ በተለይ ለሱቅና ለካፌ ባለቤቶች ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የተተከለ ምሰሶ ለእርስዎ ሁለት ጠረጴዛ ነው፤ በዱላ እየዳሰሰ ለሚሄድ ዓይነ ስውር፣ ልጅ ላዘለች እናት ደግሞ ወደ መኪናው መንገድ መውረድ ነው። አሸዋና ጠጠርም መንገድ ላይ አያስገልብጡ። አማራጭ ከጠፋ በዕለቱ ያስነሡ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦዩ ይወስደዋል፣ ቦዩም ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው ከታች ባለው ሰፈር ቤት ነው።

ከተሠራ በኋላም አይርሱት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይና ክረምት ሲወጣ መስከረም ላይ፣ ይዩት። አሸንዳውን ይጥረጉ፣ የላላ ቡሎን ያጥብቁ፣ የተላጠ ቀለም ይቀቡ። ምሰሶውን በእጅዎ ወዝውዘው ይሞክሩት፤ ከወዛወዙት በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ሥሩ ሄዷል። ቤቱን ሲሸጡም ለገዢው ፈቃድ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ይንገሩት።

ፐርጎላ ያለዎት ከሆነ ደግሞ ይህን ካነበቡ በኋላ መሰላል ያቁሙና ከግድግዳው ጋር የተያያዘበትን መስመር ይመልከቱ። ቡሎኑ ዙሪያ ስንጥቅ፣ ከቀለሙ ሥር ዝገት፣ ልስኑ ላይ እርጥበት ካዩ አሁኑኑ ባለሙያ ይጥሩ። ሰኔ ከገባ በኋላ በያጅ አይገኝም።